ትንፋሹን እስኪሰበስብ

“መኪናዬ ከታች አልነሣ አለኝ” የሚለው እሮሮ ባለ ተርቦ መኪና ከያዘ ሰው አፍ ሳይሰማ አይውልም። ከቆመበት ሲነሣ፣ ወይም ዳገት ሲጀምር፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ መኪናው ግን የሰማ አይመስልም። አንድ፣ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ከኋላው በኃይል የተገፋ ይመስል ድንገት ይስፈነጠራል። ለዚህ እሮሮ በጋራዥ ደጃፍ የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፤ “ፓምፑን ትንሽ እንክፈተው” ይባላል። መኪናው አዲስ ከሆነ ደግሞ “ኮምፒዩተሩን እናስተካክለው”። ሁለቱም ሲፈቱ ነዳጅ እንጨምርበት ማለት ናቸው። ይህ መልስ የተሳሳተ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ከሌላው አገር ይልቅ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ በባለመኪናው ኪስ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የሰው ገንዘብ ምን አገባኝ ብዬ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ከማርሚታው የሚወጣውን የሚተነፍሰው በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው።

ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ የናፍጣ ፓምፕን ምን አመጣው የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን የትንፋሽ ነገር ነው፤ ስለ ትንፋሽ ደግሞ ግጥም ከፍ ባለ ድምፅ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚለው አለው። ረጅም ስንኝ ከመጀመሩ በፊት ደረቱን ያልሞላ አንባቢ፣ መካከል ላይ ሲደርስ ድምፁን ቢጨምር ጩኸት እንጂ ንባብ አይወጣውም። ባለ ተርቦ ሞተርም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ሞተር አየር ስቦ፣ ነዳጅ ለውሶ፣ አቃጥሎ የሚተፋ ሳንባ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ፈጽሞ ይቃጠል ዘንድ ወደ 14 ተኩል ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በተግባር የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ሳያወጣ ይሠራ ዘንድ ከዚህም በላይ ትርፍ አየር ይሻል። ስለዚህ የጉልበቱን ልክ የሚወስነው ከሚጠጣው ነዳጅ አስቀድሞ የሚስበው አየር ነው። ነዳጅ ማብዛት ቀላል ነው፤ ፈሳሽ ነውና ፓምፕ ይገፋዋል። የከበደው አየር ማብዛቱ ነው።

ተርቦ የታሰበው ለዚህ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ሐሳብ መሠረት፣ ሞተሩ አቃጥሎ የሚጥለው ጋዝ በከንቱ ከመበተኑ በፊት አንድ መዘውር ያዞራል፤ ዛሬ በምናውቀው ተርቦ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ የተሰካው መዘውር ከውጭ የሚገባውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። በትናንሽ መኪኖች ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ተጥሎ የሚቀረውን ኃይል መልሶ ሥራ ላይ ማዋል እጅግ ብልህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት አብሮት ተወለደ። ተርቦው አየር ይሰጥ ዘንድ ጋዝ ይፈልጋል፤ ጋዙ ይበዛ ዘንድ ደግሞ አየር ይፈለጋል። ሁለቱ እርስ በርስ እየተጠባበቁ የሚቆሙበት ጊዜ አለ፤ ባለመኪናው “አንድ፣ ሁለት” ብሎ የሚቆጥረው ያንን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲምታቱ እሰማለሁ። አንደኛው ደፍ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከተወሰነ ዙር በታች፣ በብዙ መኪኖች ከ1,500 እስከ 2,000 ባለው መካከል ካለ አንድ ልክ በታች ሲሆን፣ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ ተርቦው ምንም ያህል ቢጠበቅ ትርጉም ያለው ግፊት አይሰጥም። በዚህ ዙር ላይ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ መጠበቅ፣ ከደፉ ውጭ ቆሞ በሩ ሳይንኳኳ ይከፈትልኛል እንደማለት ነው። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ሞተሩ ከደፉ በላይ ሆኖም እንኳ መዘውሮቹ ክብደት ስላላቸው፣ ቱቦውና ኢንተርኩለሩም በተጨመቀ አየር እስኪሞሉ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። መዘግየትን የሚያሳጥሩት ቀላል መዘውርና አጭር ቱቦ ናቸው። ደፍን ግን አሽከርካሪው ራሱ በማርሽ ሊሻገረው ይችላል። አብዛኛው “አልነሣ አለኝ” የሚል እሮሮ የሁለተኛው እየተባለ የሚቀርብ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ ሲሶው የለም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ባለ ሙያ ሴት ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች፤ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ቆላ የከረመ ሰው ባቄላ እዚህ ሲቀቅል ማገዶው ለምን እንደበዛበት ይገረማል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የሚነሣ ከባድ መኪና በባሕር ዳር በአንድ ትንፋሽ የሚስበውን አየር፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በዚያው ትንፋሽ ሊያገኘው አይችልም። ሳንባው ያው ነው፤ አየሩ ሳስቷል።

ተርቦ ያለው መኪና ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል፤ የሚሞላው ግን ከደፉ በላይ ብቻ ነው። ከደፉ በታች እሱም እንደ ማንኛውም ሞተር የሳሳውን አየር ይስባል። እንዲያውም ከተራው ይብስበታል። ባለ ተርቦ ሞተር በኋላ የሚመጣውን ግፊት ታሳቢ አድርጎ የሚሠራ ስለሆነ መጠኑ ከተራው ያነሰ ይሆናል፤ በተለይ የቤንዚኑ በሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚያምቅበት መጠንም ዝቅ ይላል። ላይ ሲደርስ አንበሳ የሚሆነው ከታች ጠቦት ነው። በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ በሲሊንደሮቹ ደጃፍ የባሕር ጠለሉን ግፊት እጥፍ ለማድረስ፣ በባሕር ዳር ያለው ተርቦ የሚስበውን አየር ሁለት እጥፍ ብቻ ማመቅ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው ግን ሁለት ተኩል እጥፍ አልፎ ማመቅ ይገባዋል። ስለዚህ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ለመፍጠን ደግሞ የሚያገኘው ጋዝ ያነሰ ነው። ደፉ ወደ ላይ ከፍ አለ ማለት ነው። ሰውየው የውጭ አገር መጽሔት ላይ “ከ1,500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ይሰጣል” የሚል አንብቦ፣ መኪናው እዚህ እንደተባለው ባይሆንለት መኪናውን ባይወቅስ መልካም ነው።

የሚገርመው፣ ተርቦ ዝናውን ያገኘው እንዲህ ባለ ደጋ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ የጀኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ የሠራውን ተርቦ ለመፈተን፣ ሊበርቲ የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ከሚባለው ተራራ አናት ላይ አወጣው፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ቦታ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ተራራው ላይ ያለ ተርቦ ሲሠራ ወደ 230 ወረደ፤ ከተርቦው ጋር ግን 356 ሰጠ። አየር ሲሳሳ መድኃኒቱ አየር መሆኑ ተራራ ላይ ቆሞ የታየው ያን ጊዜ ነው። በቅጡ ካየነው ተርቦ የደጋ ሰው ዕቃ ነው፤ እኛ ግን የቆላ ሰው በሚይዝበት አያያዝ ይዘነዋል።

ወደ ፓምፑ ልመለስ። በቆዩት የናፍጣ መኪኖች፣ ፓምፑ አናት ላይ አንዲት ክብ ክዳን አለች፤ በውስጧ ስስ ሽፋን ተወጥሯል። ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ቱቦ ወደ እርሷ ይመጣል። ተርቦው ግፊት ሲሰጥ ሽፋኑ ይገፋል፤ ሽፋኑ ሲገፋ ፓምፑ ነዳጅ እንዲጨምር ይፈቀድለታል። ግፊት ከሌለ ጭማሪ ነዳጅ የለም። የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህች ክዳን በጣም ደስ ትለኛለች። ያለ መያዣ ብድር አትሰጥም። አሽከርካሪው በእግሩ የፈለገውን ያህል ቢለምናት፣ አየሩ መግባቱን በዓይኗ ሳታይ ነዳጁን አትለቅም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ይህንኑ ሥራ ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል፤ የገባውን አየር ይመዝናል፤ የነዳጁን ጣሪያ በዚያ ልክ ይወስናል።

“ፓምፑን መክፈት” ማለት እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ይህችን ዋስ ማስወገድ ነው። ፖምፒስታው ብሎኗን ጥቂት ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ አየር ኖረም አልኖረም ነዳጁ ይፈስሳል። ውጤቱን ሁላችንም በመንገድ አይተነዋል፤ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ከኋላው ጥቁር መጋረጃ ጥሎ የሚነሣው መኪና እሱ ነው። ያ ጥቁር ነገር ኃይል መስጠት ሲገባው ያልተቃጠለ፣ የተከፈለበት ነዳጅ ነው።

አየር ያጣ ሞተር፣ ነዳጅ ቢያጠጡት፣
ጭሱን ነው የሚተፋው፣ ጉልበት ቢጠብቁት።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። ነዳጅ መጨመር ምንም አይፈይድም ማለት እውነት አይሆንም። የሚቃጠለው ነዳጅ ሲበዛ የሚወጣው ጋዝ ይግላል፤ የጋለ ጋዝ ደግሞ ተርባይኑን ቀደም ብሎ ያነቃዋል። ፓምፑን ያስከፈተ ሰው “ለውጥ አለው” ሲል አይዋሽም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማን ይነግረዋል? ሙቀቱ ፒስተኑንና ቴስታታውን መብላት ይጀምራል። የተርቦው ኩሽኔታ የሚቀባበት ዘይት በጥቀርሻ ይወፍራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ በተርባይኑ ዙሪያ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ዓይነት ተርቦ ከሆነ፣ ክንፎቹ ሥራቸው ዝቅተኛ ዙር ላይ ጠበብ ብለው ጥቂቱን ጋዝ በፍጥነት እንዲያልፍ ማድረግ፣ ማለትም “ከታች መነሣት” የሚባለውን ነገር መስጠት ነው፤ ጥቀርሻው እነዚያን ክንፎች ያጣብቃቸዋል። ነዳጅ የተጨመረው ከታች እንዲነሣ ነበር፤ የተጨመረው ነዳጅ ከታች የሚያስነሣውን ክፍል ገደለው። ሰውየውም ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ “ደግሞ አልነሣ አለኝ፣ ትንሽ ጨምርልኝ” ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሳይሆን አይቀርም፤ ልዩነቱ እዚህ ፈሶ የሚለቀም ነገር አለመኖሩ ነው።

የፈሰሰውን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ዳገት ላይ የተከፈተ ፓምፕ የሚያወጣው ጭስ ቁመቱ የሕፃን ቁመት ነው፤ ማርሚታው ባለበት ከፍታ ላይ ያለው የተማሪ ፊት እንጂ የሹፌሩ አይደለም። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከዚያ ተነሥታ የምትሄድበት የላትም።

እንዲያም ሆኖ ነገሩን የሹፌር ጋጠወጥነት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ካጣ ዳግመኛ የሚነሣው በጭንቅ ነው። በጣርማ በር ዳገትም እንዲሁ። የትንሽ መኪና ሹፌርም የራሱ ፍርሃት አለው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚጎተት መኪና ኋላ ሆኖ ለመቅደም ሲወጣ፣ ከፊት ለፊቱ በ80 የሚመጣ መኪና ካለ፣ ሁለቱ በሰከንድ ወደ 39 ሜትር ይቀራረባሉ። ተርቦው ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ 78 ሜትር ገደማ መንገድ ምንም ሳይሠራበት ተበላ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሲያሰሉት እንኳ ያስደነግጣል። ስለዚህ “ታገሥ” ብቻ ብሎ መምከር አይበቃም፤ ሰውየው የሚጠይቀው ነገር ተገቢ ነው። የተሳሳተው የሚሰጠው መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱስ? አብዛኛው ርካሽና አሰልቺ ነው፤ ምናልባት የማይወደደው ለዚህ ይሆናል።

በመጀመሪያ ፍሳሽ መፈለግ። ከተርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ፣ ከኢንተርኩለሩም እስከ ሞተሩ የሚሄዱት የላስቲክ ቱቦዎች ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ ማሠሪያዎቻቸው ይላላሉ። ቆሞ ሲሠራ ምንም አይታይም፤ ግፊት ሲመጣ ግን ስንጥቁ ይከፈትና ተርቦው የደከመበት አየር ወደ ሜዳ ይወጣል። ምልክቱ መጋጠሚያው ዙሪያ የዘይት ወዝ መታየቱ ወይም ሲረገጥ የሚሰማ ፉጨት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦውን በጥቂቱ አየር እየነፉ የሳሙና ውኃ መቀባት ስንጥቁን ያሳያል። በአንዲት ማሠሪያ የሚድን መኪና ፓምፑ ሲከፈትለት ማየት፣ እግሩ ላይ እሾኽ ለተሰካበት ሰው የራስ ምታት ክኒን እንደመስጠት ያለ ነው። ከዚያ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ አለ። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ከእንጦጦ በላይ ሌላ እንጦጦ ይጨምራል። ከዚያም ክንፎቹን ወይም የትርፍ ጋዝ ማሳለፊያውን በር የሚያንቀሳቅሰው ክንድ በነፃነት መንቀሳቀሱን፣ ወደ እርሱ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም አለመሰንጠቃቸውን ማየት ነው። ከማርሚታው በኩል መታፈን ካለም ተርባይኑን ያንቀዋል፤ የታፈነው ይጸዳል ወይም ይለወጣል፤ እንዳንዳንዱ ሰው ጭስ ማጣሪያውን ጭራሽ ቆርጦ መጣል ግን መፍትሔ አይባልም።

ጎማ የሚረሳ ነገር ነው። መኪናው ግርማ እንዲኖረው ብሎ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ጎሚስታው ዘንድ ያስገጠመ ሰው፣ ሳያውቀው ማርሾቹን ሁሉ አርዝሟቸዋል። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ቢጨምር፣ መሬት ላይ የሚደርሰው የመጎተት ጉልበት ወደ 9 በመቶ ይቀንሳል፤ ሞተሩም በዚያው ፍጥነት ዝቅ ባለ ዙር ስለሚዞር ከደፉ በታች የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ፖርቶ መጋላ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚዞረውን ዕቃ ማውረድም ገንዘብ አያስወጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ማርሽ ነው። በአገራችን ሹፌሮች ዘንድ ማርሽ መቀነስ ሽንፈት፣ በትልቅ ማርሽ እየተንፏቀቁ መውጣት ደግሞ ነዳጅ መቆጠብ ይመስላል። ለባለ ተርቦ ሞተር ሁለቱም ግምቶች ትክክል አይደሉም። በ1,200 ዙር ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ መርገጥ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፤ ጥቀርሻ ያስተፋዋል፤ ኃይልም አይሰጥም። ለመቅደም ያሰበ ሰው ወደ ግራ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ከኋላ ሳለ ማርሹን ቀንሶ ዙሩን ወደ 2,000 ካደረሰ፣ ደፉን አስቀድሞ ተሻግሯል፤ ያ 78 ሜትር አብዛኛው ይመለስለታል። ኩርባም ላይ እንዲሁ ነው፤ ማርሽ የሚቀነሰው ሊዞሩ ሲሉ እንጂ ከዞሩ በኋላ አይደለም። ይህ ምንም ብሎን አይጠይቅም።

የመኪና ሠሪዎቹም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው 2002 ተርቦ፣ ከፊት ያለው አሽከርካሪ በመስታወቱ አይቶ እንዲያነብበው ስሙ በግንባሩ ላይ ተገልብጦ ይጻፍበት ነበር። ከታች ግን የተኛ፣ ከላይ ድንገት የሚነቃ መኪና ነበር፤ የነዳጅ ቀውሱም ተጨምሮበት 1,672 ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ስዊድናዊው ሳዓብ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳየው 99 ተርቦ የተለየ መንገድ ያዘ። መሐንዲሶቹ ትንሽ ተርቦ መረጡ፤ የሚያብረቀርቀውን የላይኛውን ቁጥር ትተው፣ ሰው በየቀኑ የሚነዳበትን መካከለኛውን ዙር ፈለጉ። ትርፉን ጋዝ በበር እያሳለፉ ተርቦው ከልክ እንዳያልፍ አደረጉ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ባለ ተርቦ መኪና የልጅ ልጅነቱ ለማን እንደሆነ ብጠየቅ፣ ለሳዓቡ ነው እላለሁ። በዚያው ዓመት ሬኖ በሲልቨርስቶን ወደ ፎርሙላ አንድ ውድድር ያስገባው ባለ ተርቦ መኪና በጭሱ የተነሣ “ቢጫው ማንቆርቆሪያ” ተብሎ ተሳቀበት። እ.ኤ.አ. በ1979 አንዱን ትልቅ ተርቦ አውጥተው ሁለት ትናንሽ አስገቡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ዣን ፒየር ዣቡዊ በዲዦን አሸነፈ። ነዳጅ ጨምረው አይደለም፤ መዘውሩን አቅልለው ነው።

በኋላ የመጡት ብልሃቶች ሁሉ በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው፤ ተንቀሳቃሽ ክንፎቹ፣ የአንዱ ሲሊንደር ጋዝ የሌላውን እንዳይረብሽ አንደኛውንና አራተኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለይቶ የሚያመጣው ባለ ሁለት መንገድ ተርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አውዲ ኤስኪው7 ላይ የገባው በኤሌክትሪክ የሚዞረው ኮምፕረሰር። ይህ የመጨረሻው ጋዙን ፈጽሞ አይጠብቅም፤ ለደቂቃ ሽራፊ ከባትሪ ይበደራል።

ኤሌክትሪክ ከተነሣ ዘንድ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አንሥቶ “ያለፈበት ክርክር ነው” የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ እንጦጦም ሆነ አፋር ለእርሱ አንድ ነው፤ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ግን አሁን በመንገዱ ላይ ያለው የናፍጣ መኪና ከመንገዱ አልወጣም፤ በአገራችን መኪና እስኪወድቅ ድረስ እንደሚነዳም ሁላችን እናውቃለን። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያለው ይከበራል፣ ያረጃል፣ ይጠገናል። ፖምፒስታው ገና ለብዙ ዓመታት ሥራ አለው። ጥያቄው ምን ዓይነት ሥራ የሚለው ነው።

በዚህ ላይ የራሴ አሳብ ይህ ነው። ቦሎ የሚያስገኘው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬንና መብራትን በሚያይበት ጥብቅነት ጭስንም ይይ፤ ያውም ሞተሩ ቆሞ ሲያንጎራጉር ሳይሆን፣ ከሞቀ በኋላ ማርሹ ዜሮ ላይ እንዳለ ነዳጅ መስጫው በአንድ ጊዜ ሲረገጥ። ተርቦው ገና ትንፋሹን ባልሰበሰበበት በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ጭስ፣ ዋሷ ክዳን በቦታዋ መኖር አለመኖሯን ይናገራል። የጭሱን ጥቁረት የሚለካ መሣሪያ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኮምፒዩተር የተደረገውን ለውጥም ዓይን ባያየው እርሱ ያየዋል። በቆዩት ፓምፖች ላይ ግን መሣሪያም አያስፈልግም። የነዳጁ ብሎን ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በማኅተም ወይም በቆብ የተሸፈነ ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ማኅተሙ መኖር አለመኖሩን በባትሪ መብራት አይቶ መመለስ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።